ነፋሱ የማያርፍበት ባህር ዳርቻ፦ ልጆች ይዤ ናክሶስ አሊኮ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ሚሚ ከኪፕሴሊ (ጁላይ 2)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አቴንስ ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው። የምሠራው ከአንዲት የ84 ዓመት እናት ጋር ነው፤ አዳሬም እዚያው ነው። እረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ስለሆነ ደሴት የሚባል ነገር ለኔ ፒሬያስ ወደብ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር። ባለፈው ሴፕቴምበር ግን ልጃቸው ከውጭ መጥታ «እኔ አለሁ፣ አንቺ እረፊ» አለችኝና 4 ቀን አገኘሁ። የት ልሂድ ብዬ ያማከርኩት ራሳቸውን ነው። ትውልዳቸው ናክሶስ የምትባል የግሪክ ደሴት ነው። «አሊኮ ሂጂ» አሉኝ። «ወንበር የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ሻጭ የለም። ነፋስ ግን አለ።»

በትልቁ መርከብ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሄድኩ። ናክሶስ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት ፖርታራን ነው። ከ2,500 ዓመት በፊት ለአፖሎ ተጀምሮ ያላለቀ ቤተ መቅደስ በር ነው፤ እብነ በረዱ ብቻውን ባህር ላይ ቆሟል። በማግስቱ ጠዋት ወደ ደቡብ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። ሚክሪ ቪግላ የሚባል ዳርቻ ላይ ሰማዩ በካይት ሸራ (ነፋስ ይዞት ሰውን ባህር ላይ የሚጎትት) ተሞልቶ ነበር፤ ብዙው ሰው እዚያ ወረደ። አሊኮ ስንደርስ ከኔ ጋር የወረዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

መንገዱ አሸዋ ነው። ግራና ቀኙ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥድ! ግሪኮቹ «ኬድሮስ» ይሉታል፤ እኔ ግን ሽታው ገና ሲመጣ ነው ያወቅኩት። ነፋሱ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አጎንብሷቸዋል። ቁመታቸው ከሰው ብዙም አይበልጥም፤ አንዳንዱ ቅርንጫፉን አሸዋው ላይ አስተኝቶታል።

ከዛፎቹ መሃል እንደወጣሁ ነፋሱ ያዘኝ። እንዲህ ያለ ነፋስ በሕይወቴ አላየሁም። አሸዋው ባቴን እንደ መርፌ ይወጋኛል፣ ነጠላዬን በሁለት እጄ ይዤ እንኳን ሊቀማኝ ይታገለኛል፣ ባህሩ እስከ አድማስ ድረስ ነጭ በነጭ ሆኗል። ጥቂት ቆሜ አየሁና ተመልሼ ጥዱ ስር ገባሁ። እዚያ ስር ነፋስ የለም። ድምፁ ብቻ ነው ያለው። ዳቦና ቲማቲም በላሁና ተኛሁ። 9 ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። የሚጠራኝ የለም፣ የመድኃኒት ሰዓት የለም።

አሁን ጥያቄዬ። እህቴ ከፍራንክፈርት ኦገስት 8 ትመጣለች። ልጆቿ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው። «ወንበርና ጥላ ያለበት ውሰጂን» ትላለች። የኔ ልብ ያለው አሊኮ ነው። ግን ያ ነፋስ ከልጆች ጋር ይሆናል? የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

አቤል ስቶክሆልም (ጁላይ 2)

እህቴ፣ እውነቱን ስለጠየቅሽ እውነቱን ልንገርሽ። አትውሰጃቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ኦገስት ላይ እኔ፣ ባለቤቴና የ3 ዓመት ልጃችን እዚያው ናክሶስ ነበርን። ነፋሱ በደረስን ማግስት ተነሳ፤ አራት ቀን ሙሉ አላቆመም። ገና ባህር ዳር በወረድንበት ሰዓት የገዛነው ጃንጥላ ተነቅሎ በረረ። ብረቱ አንዲት ሴትዮ አጠገብ ነው የወደቀው፤ ለትንሽ ነው የሳታት። አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። ልጄ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። በአራተኛው ቀን መርከቡ አልሄደም። ከአቴንስ ወደ ስቶክሆልም የያዝነው በረራ አመለጠን፤ የሦስት ሰው ቲኬት እንደ አዲስ ገዛን። የመርከብ ቲኬቱን የሸጠልን ቢሮ ገንዘብ ይመለሳል ወይ ስንለው ትከሻውን ነው የነቀነቀልን።

አንቺ ብቻሽን ስለነበርሽ ነው የጣመሽ። ከልጅ ጋር ሌላ ነው። ጥላ የለ፣ ሽንት ቤት የለ፣ ውሃ የለ። እህትሽ ያለችውን ስሚ።

የመርከብ ወጥ ቤት (ጁላይ 3)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ግን ሁለታችሁም ነፋሱን ሳትጠይቁ ነው የሄዳችሁት።

ከፒሬያስ ወደ ደሴቶቹ በሚመላለሱ መርከቦች ወጥ ቤት ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ይሄ ነፋስ ስሙ ሜልቴሚ ነው። የሚመጣው ከሰሜን ነው። ባልካን ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት፣ ቱርክ ላይ ዝቅተኛ ግፊት ሲሆን አየሩ በመሃል ባለው ባህር በኩል ቁልቁል ይሮጣል። ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ይነፍሳል፤ ዋና ወሩ ጁላይና ኦገስት ነው። ሰውን የሚያታልለው ሰማዩ ጥርት ያለ መሆኑ ነው። እኛ አገር ነፋስና ዝናብ አብሮ ነው የሚመጣው፣ ደመናው ያስጠነቅቅሃል። እዚህ ደመና የለም። ፀሐይ ይወጣል፣ ሁሉም ያምራል፣ ከቀትር በኋላ ግን ጠረጴዛ ይገለብጥልሃል።

አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ለስለስ ይላል፣ ከሰዓት ይበረታል፣ ማታ ይቀንሳል። ሲጠናበት ግን ሌሊትም አይተኛም። ከተነሳ ሦስት ቀንም አምስት ቀንም ሊቆይ ይችላል።

ግሪኮች ነፋስን የሚለኩት በቦፎር ነው። ይሄን ቃል ልመዱት፤ ዳቦ ቤት ውስጥ ሳይቀር «ዛሬ ስንት ቦፎር ነው?» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። እስከ 4 ድረስ ከልጅ ጋር ደስ የሚል ነው። 5 ላይ አሸዋው መነሳት ይጀምራል። 6 ማለት በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያ ሚሚ ያየችው ነጭ በነጭ የሆነ ባህር ነው። 7 ላይ እስከ 61 ይደርሳል። 8 ደግሞ ከ62 እስከ 74። የባህር ትንበያውን በየጠዋቱ እዩ። 6 እና ከዚያ በላይ ካለ ያን ቀን ክፍት ዳርቻ አትሂዱ፣ ተራራ ውጡ።

ስለ መርከብ። ወደብ አስተዳደሩ ጉዞ ሲከለክል «አፓጎረፍቲኮ» ይባላል። ትንንሾቹና ፈጣኖቹ ቀድመው ይታገዳሉ፤ 8 ቦፎር ላይ ትልልቆቹም ብዙዎቹ ወደብ ይቀራሉ። ሰው ይናደዳል። እኔ አልናደድም። በሴፕቴምበር 2000 ኤክስፕረስ ሳሚና የምትባል መርከብ በከባድ ነፋስ ሌሊት ፓሮስ አጠገብ ዓለት መትታ ሰጥማለች፤ ከ80 በላይ ሰው አልቋል። ፓሮስ ከናክሶስ ፊት ለፊት ያለችው ደሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ክልከላው ጠብቋል። የባህር ሰው ሁሉ ያን ሌሊት ያስታውሳል።

አቤል ወንድሜ፣ ገንዘብህን መጠየቅ ትችል ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መርከብ ከተሰረዘ ሙሉ ገንዘብ መመለስ ወይም ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ መርከብ መሄድ ምርጫው የተሳፋሪው ነው፣ ምክንያቱ ነፋስ ቢሆንም። በነፋስ ምክንያት ሲሆን ካሣና የሆቴል አዳር ግን አይከፍሉም።

ሚሚ፣ ሦስት ነገር ብቻ። ትልቁን መርከብ ያዙ። ስትቀመጡ መሃል ላይ፣ ዝቅ ባለው ወለል። የመመለሻውን መርከብ ደግሞ ከእህትሽ በረራ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሙት።

አቤል ስቶክሆልም (ጁላይ 3)

የመርከብ ወጥ ቤት፣ እግዜር ይስጥህ። ይሄን ያኔ ባውቀው ኖሮ። ቦፎር የሚለውን ቃል ሆቴሉ ውስጥ ሰምቼው ነበር፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ኬቲ ከሃኛ (ጁላይ 3)

ቀርጤስ 6 ዓመት ኖሬያለሁ፣ አሊኮንም በ2019 አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር።

አሊኮ ወደ ባህር የወጣ የመሬት አፍንጫ ነው። ሚሚ አንቺ የወረድሽው ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታው በሰሜኑ በኩል ይመስለኛል። በጥዶቹ መሃል አቋርጠሽ ወደ ደቡብ ብትሄጂ ሌላ ዓለም ነው። ትንንሽ ዳርቻዎች አሉ፣ ነፋሱ ከጀርባሽ ይመጣና መሬቱ ይከልልሻል፣ ባህሩ ሰሐን ላይ የተቀመጠ ውሃ ይመስላል። የማስታውሰው በእግር ጥቂት ደቂቃ እንደሆነ ነው። ደሴት ላይ ሁሌም እንዲህ ነው። ሰሜን ሲነፍስ ደቡብ ሂጂ።

ግን እዚህ ጋ ልብ በይ፣ ምክንያቱም የልጆች ነገር ነው። ያ ዝም ያለ ባህር የራሱ አደጋ አለው። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባህር ነው የሚነፍሰው። ልጅ ጎማ ላይ ወይም በአየር በሚነፋ ፍራሽ ላይ ከተቀመጠ ማዕበል ስለሌለ ማንም አይደነግጥም፤ ቀና ስትዪ ግን 50 ሜትር ርቋል። ከመሬቱ ከለላ ሲወጣ ደግሞ ነፋሱ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። ስለዚህ የሚነፋ ነገር አትውሰጂ፣ በፍጹም። መጫወቻ ብቻውን ከሄደ ይሂድ፣ ማንም አይከተለው። ሰው ላዩ ላይ ካለ ግን አጥብቆ ይያዝ፣ ለቆ ለመዋኘት አይሞክር። የባህር ጠረፍ ጠባቂ ስልክ 108 ነው፤ 112ም ይሠራል።

ሌላው ስለ ጥዱ። ቀርጤስ ኬድሮዳሶስ የሚባል ተመሳሳይ ቦታ አለ። የኛ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አሸዋ ላይ የሚበቅል ዓይነት ነው እንጂ ወገኑ አንድ ነው። በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። አሸዋውን ይዞ ያቆመው የሱ ሥር ነው። ሰው ድንኳን ሲተክልበት፣ ቅርንጫፍ ሲሰብር፣ እሳት ሲያነድ አይቻለሁ። ሥሩ ሲጋለጥ ይደርቃል፣ እሱ ሲደርቅ አሸዋውን ነፋስ ይወስደዋል። ጥላው ስር ተኙ፣ ግን ምንም አትስበሩ። ሽንት ቤት ስለሌለ ብዙ ሰው ዛፎቹን እንደ ሽንት ቤት ይጠቀማቸዋል፤ ያሳዝናል። ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ፣ ለልጆቹ ደግሞ ከረጢት ያዙና ይዛችሁት ተመለሱ።

ዳር ላይ የተከመረ ቡናማ ቅጠል ካያችሁ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም። ፖሲዶኒያ የሚባል ባህር ውስጥ የሚያድግ ተክል ቅጠል ነው። በብርዱ ወራት ማዕበል ሲመጣ አሸዋው ተጠርጎ እንዳይሄድ የሚከላከለው እሱ ነው። ሆቴል ያለበት ዳርቻ ላይ በማሽን ያነሱታል። እንደ አሊኮ ያለ ቦታ ላይ ይቆያል፣ አሸዋውም ይቆያል።

ዳዊት ዱባይ (ጁላይ 4)

ክሩን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ግን አንድ ያልገባኝን በቅንነት ልጠይቅ። ዱባይ ሆቴል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ባህር ዳርቻ ዝም ብሎ መቀመጡ ለምን ያስደስታችኋል? ወንበር ቢቀመጥ ወንበሩን የሚያነሳ ሰው ይቀጠራል። ካፌ ቢከፈት እንደኛ ያለ ስደተኛ እንጀራ ይበላል። ሽንት ቤት ቢሠራ ሰው ጥዱ ስር አይጸዳዳም። ባዶ መሬት ውብ ነው የሚለው ጠግቦ የሄደ ሰው ነው የሚመስለኝ።

ኬቲ ከሃኛ (ጁላይ 4)

ዳዊት፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ቀርጤስ ያኖረኝ የሆቴል ሥራ ነው።

ግን ናክሶስ ሥራ የጠፋበት ደሴት አይደለም። ከአሊኮ በስተሰሜን ያለው የምዕራብ ዳርቻ ኪሎ ሜትሮች ሙሉ ሆቴል፣ ካፌና ወንበር ነው። የተረፈው ትንሹ ነው። አሊኮም ላይ ቢሆን ተሞክሯል። እኔ ስሄድ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ተጀምሮ ያላለቀ የሆቴል ግንባታ ቆሞ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ሠዓሊዎች ትልልቅ ሥዕል ሥለውበታል። ኮንክሪቱ እዚያው ቀረ፣ ሥራ የሚባለው አልመጣም።

ደግሞ የግሪክ ባህር ዳርቻ በሕግ የሕዝብ ነው። በ2023 ክረምት ፓሮስ ላይ የደሴቱ ሰዎች ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ የወጡት ለምን መሰለህ? ወንበሩ ዳር እስከ ዳር ሞልቶት የራሳቸው ልጆች ፎጣ የሚዘረጉበት አጡ። ከዚያ በ2024 ሕጉ ተቀየረ። ወንበር ከውሃው ቢያንስ 4 ሜትር መራቅ አለበት፣ ከዳርቻው ግማሹ ነጻ መሆን አለበት፣ 198 ዳርቻዎች ላይ ደግሞ ወንበርም ጃንጥላም ጨርሶ ተከለከለ።

ሚሚ ከኪፕሴሊ (ጁላይ 4)

ዳዊት ወንድሜ፣ እኔ ጠግቤ አይደለም የሄድኩት። ወንበርና ጃንጥላ ያለበት ቦታ ላይ ስቀመጥ የሚያስተናግደው ልጅ ፊት ላይ ራሴን ነው የማየው። ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲጠራ ይሮጣል። ደስ ብሎኝ መተኛት አልችልም። አሊኮ ላይ ማንም ማንንም አያገለግልም። በነጻ ነው የምትተኛው፣ ከሀብታሙ እኩል፣ አንድ ጥድ ስር። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ዳዊት ዱባይ (ጁላይ 4)

ገባኝ እህቴ። እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ሽንት ቤቱ ላይ ግን አሁንም በአቋሜ ነኝ።

ናደው ባህር ዳር (ጁላይ 5)

ከዓባይ ዳር ሰላምታ ይድረሳችሁ። ደሴት ሄጄ አላውቅም፣ ግን ይሄ ነፋስ የኛ ታሪክ ውስጥ ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው።

የጥንት ግሪኮች ይህንን የበጋ ነፋስ «ኤቴሲያይ» ይሉት ነበር፤ በየዓመቱ የሚመጣ ማለት ነው። ያኔ ትልቁ እንቆቅልሽ ዓባይ ነበር። ግብፅ ላይ ዝናብ በሌለበት፣ ፀሐይ በሚያቃጥልበት ወቅት ወንዙ ለምን ይሞላል? ከቀደሙት ፈላስፎች አንዱ ታሌስ የሰጠው መልስ ይሄው የናንተ ነፋስ ነው። ከሰሜን እየነፈሰ የዓባይን አፍ ይገፋዋል፣ ውሃው ወደ ባህር መውጣት አቅቶት ወደ ኋላ ይሞላል አለ። ሄሮዶቱስ ይህን አልተቀበለም። ነፋሱ ባልነፈሰባቸው ዓመታትም ዓባይ ሞልቷል፤ ደግሞስ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታቸው የሶርያና የሊቢያ ወንዞች ለምን አይሞሉም ብሎ ተከራከረ። የራሱ መልስም ግን ስህተት ነበር። ዴሞክሪቶስ ቀረብ ብሏል። ነፋሱ ደመናውን ወደ ደቡብ ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች ይወስደዋል፣ እዚያ ይዘንባል፣ ወንዙ ይሞላል አለ። ደመናው የሚመጣው ከሰሜን ነው ማለቱ ልክ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነው ማለቱ ግን ልክ ነው።

እና አስቡት። ሐምሌና ነሐሴ እኔ እዚህ ጣሪያዬ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጣና ሲሞላ፣ ዓባይ ሲደፈርስ፣ በዚያው ወር እናንተ ጋ ያለ ደመና ያ ነፋስ ይነፍሳል። አሁን ባለው ዕውቀት ደግሞ ሜልቴሚን የሚስበው የቱርክ ዝቅተኛ ግፊት ከሕንድ በኩል የተዘረጋው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሥርዓት ቅጥያ ነው። የኛም ክረምት ከዚያ ትልቅ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ሚሚ፣ ነጠላሽን ሊቀማሽ የታገለሽ ነፋስ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ሚሚ ከኪፕሴሊ (ጁላይ 5)

ጋሽ ናደው፣ ይሄን ለእማማም (ለምሠራላቸው ሴትዮ) በግሪክኛ ተርጉሜ ነገርኳቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወለተ ማርያም (ጁላይ 6)

ልጄ ሚሚ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ኦገስት 8 ማለት እኮ ነሐሴ 2 ነው። ፍልሰታ ገብቷል። እህትሽ የምትጾም ከሆነ ምግቡን አስቀድማችሁ አስቡት።

እኔ እዚህ 25 ዓመት ኖሬያለሁ። ግሪኮችም የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፣ ግን በአዲሱ አቆጣጠር ስለሆነ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው። የኛ ከ7 እስከ 21። ስለዚህ እናንተ በምትሄዱበት ሳምንት ሁለቱ ጾሞች ይገናኛሉ። ምግብ ቤት ስትገቡ «ኒስቲሲሞ» ምን አላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፤ የጾም ማለት ነው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሯችሁ። ጊጋንቴስ ትልልቅ ቦሎቄ በቲማቲም ነው። ፋቫ እንደ ክክ አልጫ ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ሆርታ የተቀቀለ ቅጠል ነው፣ በሎሚና በዘይት። ድንች ደግሞ ናክሶስ የታወቀችበት ነው። ነገር ግን ልብ በይ፣ እነሱ ሽሪምፕና ካላማሪ ጾም ነው ይላሉ፤ የኛ ሰው አይበላም። ሰላጣ ላይ ፌታ ሳይጠየቁ ያደርጋሉና «ሆሪስ ፌታ» በዪ፣ ያለ አይብ ማለት ነው።

ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓላቸው ነው። ቲኖስ ደሴት ላይ ሕዝቡ በጉልበቱ እየዳኸ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ያን ሰሞን መርከብ ሁሉ ይሞላል። ቲኬቱን ዛሬ ነገ አትበዪ።

ሚሚ ከኪፕሴሊ (ጁላይ 7)

እትዬ ወለተ ማርያም፣ እህቴ ጿሚ ናት፣ ልብ ብለው ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ቲኬቱን ዛሬ ቆረጥኩ። ከ8 እስከ 12፣ ትልቁ መርከብ። የሷ በረራ 15 ነው። ለእህቴ ነግሬያታለሁ፦ ነፋሱ ከፈቀደ አሊኮ፣ ካልፈቀደ ከተማው አጠገብ ወንበር ያለበት። ተስማማን። ስመለስ እጽፋለሁ።

ሚሚ ከኪፕሴሊ (ኦገስት 13)

ተመለስን። ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

የደረስን ዕለት ነፋስ አልነበረም። በማግስቱ 7 ቦፎር። የእኅቴ ልጅ፣ ትልቁ፣ በየጠዋቱ ትንበያውን ማየት ሥራው ሆነ፤ «አክስቴ፣ ሰባት!» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ባህር የሚባል ነገር አላሰብንም። አውቶቡስ ይዘን ወደ ውስጥ፣ ሃልኪ ወደሚባል መንደር ወጣን። በወይራ ዛፍ የተሞላ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከላይ የዛስ ተራራ ይታያል፣ 1,000 ሜትር ያህል ነው፣ በአካባቢው ካሉት ደሴቶች ሁሉ ከፍተኛው። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ቅጠል ብቻ ነበር የሚወዛወዘው። ጊጋንቴስና ድንች በላን። ሦስተኛው ቀን 6፤ ከተማው ዳር ባለው ዳርቻ ልጆቹ ዋኙ፣ ወንበር ተከራየን፣ እህቴ ደስ አላት።

አራተኛው ቀን ወደ 4 ወረደ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነስተን አሊኮ ሄድን። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ሽንብራ፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ ለእያንዳንዱ ኮፍያና የዋና መነጽር። መነጽሩ አሸዋ ሲነሳም ስለሚጠቅም ለልጅ የግድ ነው። ጃንጥላ አልያዝንም። ጎማ አልያዝንም፤ ትንሿ አለቀሰች፣ ግን አቴንስ ነው የተውነው።

ኬቲ እንዳልሽው በጥዶቹ መሃል አቋርጠን ወደ ደቡብ ወረድን። የኔ ጌታ! ባለፈው ዓመት ያን ሁሉ ነፋስ ስቀበል ይሄ ሁሉ ከጀርባዬ ነበር። ውሃው ዝም ብሏል። የአሸዋው መልክ እስከ ጉልበት ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጆቹ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ከውሃው አልወጡም። ከኛ ሌላ አራት አምስት ቤተሰብ ቢሆን ነው።

ወደ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ያልሽው ነገር ዓይናችን እያየ ሆነ። አንድ ቤተሰብ በአየር የተነፋ ትልቅ ፍራሽ ነበራቸው። ልጃቸው ወርዶ ዳር ላይ ይጫወታል፣ ፍራሹ ባዶውን ነበር። ቀስ ብሎ ሄደ። አባትየው ሊከተለው ውሃ ገባ። ወገቡ ጋ እስኪደርስ ዝም አልኩ፣ ከዚያ ግን ተነስቼ በግሪክኛ ጮህኩበት፤ «ተወው! ነፋሱ ወደ ባህር ነው የሚወስድህ!» ዞሮ አየኝ። ቆመ። ፍራሹ ከመሬቱ ከለላ እንደወጣ ተገለበጠና እየተንከባለለ በውሃው ላይ ሮጠ። ለመጥፋት ደቂቃዎች አልፈጀበትም። ሰውየው መጥቶ እጄን ያዘኝ፣ ምንም አላለም። የእህቴ እጅ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ኬቲ፣ ይሄን ጽፈሽ ባትነግሪኝ ኖሮ እኔም ዝም ብዬ አይ ነበር።

ከሰዓት ነፋሱ ሲበረታ ትልቁ ልጅ «ያንን የነፋሱን በኩል አሳዪኝ» አለኝ። መነጽር አድርገን ተሻገርን። እጁን ዘርግቶ ነፋሱ ላይ ተደገፈ። ወደ ፊት ያዘነብላል፣ አይወድቅም። ይጮሃል፣ ድምፁ አይሰማም። ፍራንክፈርት ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ነው።

እህቴና ትንሿ ጥዱ ስር ቀርተው ነበር። ስንመለስ ትንሿ ተኝታለች። እህቴ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ፣ የወደቀ ቅጠል በጣቷ እያሸች ታሸታለች። «የማርያም ግቢ» አለችኝ። ልጅ ሆነን ፍልሰታን ስንጾም ቅዳሴ እስኪያልቅ ጥዱ ስር ተቀምጠን ስንጠብቅ የነበረው ማለቷ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ሽታውን አውቄዋለሁ፣ ግን ከየት እንዳወቅኩት አላስታወስኩም ነበር። እሷ ናት ያስታወሰችኝ። ለልጇ ጉንጯ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ እያራገፈች «ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ። ስድስት ነበርኩ።

ቤት ስገባ እማማ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ነፋሱ ነበረ?» ብለው ነው። ነበረ አልኳቸው።

አቤል ስቶክሆልም (ኦገስት 13)

ባለቤቴ አብራኝ አነበበች። በሚቀጥለው ጁን እንሞክረዋለን ብለናል። ልጃችን ያኔ 6 ይሞላዋል። ሚሚ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚመለሰው?

ሚሚ ከኪፕሴሊ (ኦገስት 13)

አቤል፣ ሰዓቱ በየወሩ ይቀያየራል፣ በቀን የሚመላለሰውም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስትወርዱ ሾፌሩን ጠይቁት፣ ሰዓቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መቆሚያው ላይ ጥላ የለም፣ አስቀድማችሁ አትውጡ። ጁን ጥሩ ነው፤ ውሃው ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ግን ገና አልጠነከረም።

የመርከብ ወጥ ቤት (ኦገስት 14)

ሚሚ፣ ጎበዝ። አቤል፣ መርከቡ ላይ ከሆንኩ ወጥ ቤት በር ላይ አንኳኩ፣ ለልጁ ትኩስ ነገር አይጠፋም።